የመርጡለ ማርያም ጠራቢዎች

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ቢቸናን ለቅቃችሁ፣ ደብረ ወርቅን ተሳልማችሁ ወደ ሞጣ ስታቀኑ ጮቄ በግራችሁ አብሯችሁ ይሄዳል። በቀኝ በኩል ከመንገዱ ወጣ ብላችሁ ብትራመዱ ደግሞ መሬቱ ተቆርጦ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ከላይ፣ ነጩና ቀዩ ከሥሩ ተደራርቦ ይታያል። በዚያ ወገን፣ በእነብሴ ሳር ምድር፣ መርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች።

አሠሪዋ ንግሥት እሌኒ ናቸው። የሐድያ ገራድ ልጅ፣ ከዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት የኖሩ፣ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ሳለ አገር ያስተዳደሩ ሴት። ጎጃም ውስጥ ሰፊ ጉልት ነበራቸው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ቆይቶ በጻፈው መጽሐፍ፣ እሌኒ በጎጃም ላሠሩት ቤተ ክርስቲያን መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ እንደ ተሞላ፣ የላዩም ጽላት ድፍን ወርቅ እንደ ነበረ ይተርካል። የወርቁ ወሬ ዞሮ ዞሮ እስከ ዛሬ ይሰማል። የድንጋዩን ወሬ ግን የሚያወራው ጥቂት ነው፤ እኔም የመጣሁት ለእርሱ ነው።

ከጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ግድግዳ ፊት ቁሙ። በክብ ውስጥ የተዘረጋ አበባ ታያላችሁ። ከአበባው ቅጠል ይወጣል፤ ቅጠሉ ሐረግ ይሆናል፤ ሐረጉ በድንጋዩ ጠርዝ ተጠምዝዞ ይሄዳል። በብራና መጻሕፍት ራስጌ የምናውቀው ሐረግ እዚህ በመሮ ተቀርጿል። በብራና ላይ የተሳሳተ መስመር ይፋቃል፤ ከድንጋይ ላይ የወደቀ ቅጠል ግን አይመለስም። ይህን የሠራ ሰው አበባ ሲፈካም ሲጠወልግም ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

በግራኝ ጦርነት ዘመን ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለች። በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ኢየሱሳውያን መልሰው አነሧት። በዚህ ምክንያት የትኛው ጥርብ የማን ዘመን እንደ ሆነ ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ ይከራከሩ። ለእኔ ሌላ ጥያቄ አለኝ። ቢቸና የጤፍ አገር ናት። ጤፍ ደግሞ ደጋግሞ ማረስ፣ ማረም፣ ማጨድ፣ መውቃት ነው፤ ሰውየውን ዓመቱን ሙሉ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ድንጋይ የጠረበ ሰው ማን አረሰለት? መልሱ ግልጽ ነው፤ ንግሥቲቱም ይሁኑ ሌላ፣ ያሠራው አበላው። እጁን ሙሉ በሙሉ ለመሮው የሰጠው ሌማቱ ስለ ተሞላለት ነው።

ደጋፊው ሲጠፋ ምን ሆነ? ቤተ ክርስቲያናችን ቅዱሳንን በሥዕል እንጂ በሐውልት አታከብርምና የጠራቢው እጅ ወደ መስቀሉ፣ ወደ በሩና ወደ መስኮቱ ገባ። በመንደሩ ደግሞ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ጠይብ፣ ቡዳ እየተባሉ ተናቁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያወጡ ድረስ ነገሩ ከፍቶ ነበር። አዋጁም ቢሆን ስድቡን ከልብ አላወጣውም። በዚህ አገር ስንት እጅ ገና በልጅነቱ ወደ ሞፈር እንደ ተመለሰ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚህ ሁሉ መሃል አንድ የጎጃም ልጅ ወጣ፤ ጠራቢ ሳይሆን ሠዓሊ ነው። ቄስ አዳሙ ተስፋው ይባላሉ። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ተወልደው፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አድገው ቅስና ተቀበሉ። ከዚያ ብሩሹን እንጀራቸው አደረጉት፤ አዲስ አበባ ገብተው በሥዕል ኖሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስን፣ የዐድዋን ጦርነት፣ የገጠሩን ኑሮ በጨርቅ ላይ እየሣሉ ሸጡ። ገዢያቸው በአብዛኛው የውጭ ሰው ነበር፤ እሌኒ ለጠራቢዎቹ የሆኑትን ይህ ገዢ ለቄስ አዳሙ ሆነላቸው። ሬይመንድ ሲልቨርማን የተባለ አሜሪካዊ የጥበብ ታሪክ ምሁር ሕይወታቸውንና ሥራቸውን አጠና፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ፎውለር ሙዚየም ሥራዎቻቸው ብቻቸውን ለእይታ ቀረቡ። በጎጃም የቆሎ ተማሪ ቤት ያደገ እጅ ካሊፎርኒያ ደረሰ ማለት ነው፤ እኔ በዚህ እኮራለሁ።

ቅርጻ ቅርጽ ዛሬ በአዲስ አበባ አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ይሰጣል። ያ ትምህርት ቤት ከሞጣ ሩቅ ነው። መርጡለ ማርያም ግን ቅርብ ናት። የቢቸናና የሞጣ መምህራን ሆይ፣ ልጆቹን ውሰዷቸው። እርሳስና ወረቀት አስይዟቸው፤ ድንጋዩን ሳይነኩ አበባውን ይሣሉት። ሲመለሱ ደግሞ ከመንገድ ዳር አንድ የቀጋ አበባ ይቅጠፉና አጠገቡ ይሣሉ። ከልጆቹ መካከል አንዱ ሌሎቹ ሲነሡ አልነሣም ብሎ ከቀረ፣ ስሙን መዝግቡልኝ፤ ወላጆቹንም አነጋግሯቸው።