ጭሱ ሥራ የፈታበት ኩሽና

አርባ ምንጭ ውስጥ አሮጌ ቤት የሚያሳድስ ሰው ገንዘቡን ከየት ጀምሮ እንደሚያወጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። መጀመሪያ ሳሎኑ ቀለም ይቀባል። ቀጥሎ ኮርኒስ ይመታል። ከተረፈ የግቢው በር በብረት ይቀየራል። ኩሽናው ጓሮ ነው፤ «እሱማ ይደርሳል» ይባላል። እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ግድግዳው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ ምርጉ ይረግፋል፣ የቆርቆሮው ቀዳዳ በላስቲክ ይደፈናል፣ እንጀራ ግን በየሦስት ቀኑ ከዚያው ይወጣል።

ይኼ የአንድ ቤት ስንፍና ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። ነገሩ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የሚጀምረው ከከተማው ሳይሆን ከላይ፣ ከጋሞ ደጋ ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ዶርዜ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚጥለው ቤቱ ላይ ነው። ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት የተሸመነ ቀርከሃ፣ ፊቱ የዝሆን ግንባርና ኩምቢ የሚመስል፣ አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር የሚቆም ቤት ነው። ምስጥ ከሥር ሲበላው የተበላው ተቆርጦ ይጣላል፤ ቤቱም ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግ ጎረቤት ተሰብስቦ በወፍራም እንጨት አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሸከመዋል። እንዲህ እያለ የሁለት ትውልድ ዕድሜ ይቆያል።

ቱሪስት ይህን ሁሉ ሰምቶ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ስለ ጭሱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ምድጃው ቤቱ ውስጥ ነው፣ ከብቶቹም እዚያው በአንድ ወገን ያድራሉ። የጭስ ማውጫ የሚባል ነገር የለም፤ ጭሱ በቀርከሃውና በክዳኑ መሃል ቀስ እያለ ሾልኮ ይወጣል። ሲወጣ ቀርከሃውን ያደርቃል፣ ያጠቁራል፣ ነቀዝና ምስጥ እንዳይደፍረው ያደርጋል። በዚህ ብርዳማ ደጋ ላይ ደግሞ እሳቱ ምግብ ማብሰያ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን የሚያሳድረው እሱ ነው። በሌላ አነጋገር ጭሱ ሥራ ነበረው። ቤቱን ይጠብቃል፣ ሰዉን ያሞቃል። ደመወዙን የምትከፍለው ምድጃው አጠገብ የምትቀመጠው ሴት ናት፤ በዓይኗና በሳንባዋ። ስለዚህ «የድሮው ቤት ይሻል ነበር» ለማለት አልቸኩልም። ግን ቢያንስ ሒሳቡ ሁለት ወገን ነበረው።

የሚበስለውም ነገር ሌላ ነው። የደጋው ጋሞ ምግብ በእንሰትና በገብስ ላይ የቆመ ነው። ቆጮው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በሸክላ ምጣድ ላይ በዝግታ ይበስላል። ትልቅ ነበልባል አይፈልግም።

የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወርዶ አርባ ምንጭ ላይ የተቆረቆረው በ1950ዎቹ ነው። ከደጋው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ፣ አባያና ጫሞ ሐይቆች ወደሚታዩበት ሙቀት ማለት ነው። ላይ ሼቻ፣ ታች ሲቀላ ሆኖ ከተማው ሲዘረጋ ጸሐፊው፣ ፖሊሱ፣ መምህሩና ነጋዴው ከየአገሩ መጣ። አብሮትም የከተሜ ቤት አሠራር መጣ፦ የባሕር ዛፍ ማገር፣ የጭቃ ምርግ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ኩሽናውም ከዋናው ቤት ተነጥሎ ጓሮ። ማድ ቤትን ከእልፍኝ መለየት የመኳንንት ግቢ ልማድ ነበር። እዚያ ግን ለወጥ ቤቷም ለእንጀራ ጋጋሪዋም የየራሳቸው ትልልቅ ቤት ነበራቸው። ተራው ከተሜ የወረሰው መለየቱን ብቻ ነው፤ ስፋቱን አልወረሰም።

ታዲያ ጭሱ ቆላ ሲወርድ ሁለቱንም ሥራውን አጣ። የሚጠብቀው ቀርከሃ የለም፣ የሚያሞቀው ብርድ የለም። ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ሣርና እንደ ቀርከሃ አይተነፍስም። ጭሱ ወደ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮውን ይመታል፣ መውጫ ሲያጣ ይመለሳል። ከምጣዱ የሚነሳው እንፋሎት ከጥላሸቱ ጋር ተደባልቆ ቆርቆሮው ሥር ይጠራቀምና ጠብ ይላል። አክንባሎው በተነሳ ሰዓት እንጀራው ላይ ጥቁር ጠብታ ያረፈበት ሰው ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ማንበብ አያስፈልገውም።

እሳቱም ጨመረ። እንጀራ የከተማው ምግብ ሆነ፣ እንጀራ ደግሞ ማገዶ በላተኛ ነው። 60 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ምጣድ ሦስት ጉልቻ ላይ ሲጣድ ዙሪያው ክፍት ነው፤ ከእሳቱ አብዛኛው ሙቀት በጎን ወጥቶ የሚያሞቀው ጋጋሪዋን ነው። በአገራችን አንድ ቤት ከሚያነደው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሄደው ለእንጀራ ነው። ይህ ማገዶ ከየት ይመጣል? ለአርባ ምንጭ ቅርቡ ከከተማው በታች ያለው ደን ነው፤ ስሟን የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁበት። ደኑ በ1966 ዓ.ም. የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ሆነ። ወረቀቱ ተለወጠ እንጂ ምጣዱ አልተለወጠም፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው እንጨት ተሸክመው ዳገቱን መውጣታቸውን ቀጠሉ። የአንድ አሮጌ ኩሽና ወጪ ሲሰላ ይህ ዳገት አብሮ መቆጠር አለበት ባይ ነኝ።

ቀጥሎ አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አዋጅ ቁጥር 47 ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ለቀበሌ ሰጠ፣ ኪራዩንም ቀነሰ። ለተከራዩ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ለኩሽናው ግን ክፉ ዘመን ሆነ። በየከተማው ያለው የቀበሌ ቤት ኩሽናው ብዙውን ጊዜ የጋራ ነው። ሦስት አራት ቤተሰብ ተራ ይዞ ይጋግርበታል። ማነው የሚያድሰው? ቀበሌው በዚያች ኪራይ አያድስም። ተከራዩ «የመንግሥት ቤት ነው» ይላል፣ ለመንካትም ፈቃድ ይጠየቃል። የግል ባለቤቱ የለም። እንዲህ ሆኖ የጋራው ኩሽና ማንም ሳይመርገው ግድግዳው ቀስ በቀስ ወደ አፈሩ ተመለሰ። በኋላ የመጣው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየምም ነገሩን ዞሮ ዞሮ እዚያው አደረሰው፦ ፎቁ ላይ የእንጀራ ቦታ ስላልተገኘ ለመጋገሪያ፣ ለማረጃና ለድግስ የጋራ ቤት ታች ተሠራ።

እዚህ ላይ ትንሽ ራቅ ብዬ ልሂድ። እ.ኤ.አ. በ1926 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ ለሠራተኞች ርካሽ መኖሪያ ሲሠራ የኩሽናውን ንድፍ የሠራችው ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ነበረች። ኩሽናው 1.9 በ3.4 ሜትር ብቻ ነው፤ ከብዙ የሼቻ ኩሽና አይሰፋም። ወደ 10,000 ቤት ገባ። እኔን የሚገርመኝ ካቢኔቱ አይደለም፤ የአነሳሷ ቅደም ተከተል ነው። ከግድግዳው አልጀመረችም። ሴቲቱ ስንት እርምጃ እንደምትራመድ፣ እጇ የት እንደሚደርስ፣ መብራቱ ከየት እንደሚመጣ በሰዓት ለክታ ነው የጀመረችው። ገንዘብ ሲያጥር መለካት ይቀድማል፤ መለካት ነጻ ነው።

በእኛ አገር ወደዚህ የቀረበው ሥራ የምርጥ ምድጃ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በኢትዮጵያውያን የኢነርጂ ባለሙያዎች እጅ ተሠርቶ ወጣ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ፣ በቅርጽ የሚመታ ነገር ነው። አራት ቁራጮች ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፋሉ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከኋላ ጭሱን ያወጣሉ፣ በሚወጣው ሙቀትም ድስት ይጣድባቸዋል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ለከሰል ደግሞ የኬንያውን ጂኮ መነሻ አድርጎ የተሠራው ላቀች መጣ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የጀርመኑ ጂቲዜድ ምርጥን የሚያመርቱ ትንንሽ ባለሙያዎችን በየከተማው እያሠለጠነ አሰራጨው። ሲሚንቶ የሚያቦካ ሰው ባለበት ሁሉ የሚሠራ መሆኑ ነው ብልሃቱ፤ የሚፈልገው ማሽን ሳይሆን የብረት ቅርጽ ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላል ያገሬ ሰው። ስለ ወጡ እውነት ነው። ተረቱን የተረተው ሰው ግን እሳቱን እፍ እያለ የሚያነደው እሱ እንዳልነበረ እገምታለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል፤ ከመካከላቸው ከአምስት ዓመት በታች ያሉት ሕፃናት ከ237,000 በላይ ናቸው። ሕፃን ኩሽና ውስጥ ምን ይሠራል? እናቱ ጀርባ ላይ ነው ያለው።

ስለዚህ አንድ ሰው ባለችው ትንሽ ገንዘብ ጓሮ ያለውን ጥቁር ቤት ላድስ ቢል፣ ታሪኩ የሚያሳየው ቅደም ተከተል ከተለመደው ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ እሳቱ፣ ማለትም ክፍቱን ጉልቻ በተከደነ ምድጃ መተካት። ቀጥሎ የጭሱ መንገድ። በግድግዳውና በቆርቆሮው መሃል ስንዝር ያህል ክፍት መተው፣ ከበሩ ትይዩም መስኮት መቅደድ፤ አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ አንድ መስኮት ብቻውን ምንም አይሠራም። ከዚያ ወለሉንና መሥሪያውን ማሰብ ይመጣል፤ ሽንኩርት መሬት ላይ ተጎንብሶ መክተፍ ግዴታ አይደለም እኮ! ግድግዳው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቀርሻው ሳይፋቅ ኖራ የቀባ ሰው በክረምት ቡናማው ዕድፍ ተመልሶ ሲወጣ ያየዋል። መፋቅ፣ የረገፈውን መልሶ መምረግ ያስፈልጋል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ካልቦካ እንደማይይዝ የድሮ መራጊዎች ያውቃሉ፤ የዛሬ ሰው ግን ይቸኩላል። ኖራው ሲነጣ ጨለማው ኩሽና በአንዲት አምፖል ይበቃዋል። ሴራሚኩ? ሴራሚኩ ይደርሳል። «ይደርሳል» ማለት ለሱ ነበር የሚገባው።

አሁን ብዙው ሰው የሚያልመው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፣ ልክም ነው፤ ጭስ የለውም። ግን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ለአንድ አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ በተዘረጋ አሮጌ ሽቦ ላይ ሰክቶ መጋገር ቤቱን ለእሳት መስጠት ነው፤ ስለዚህ የምጣዱ ዋጋ ከሽቦውና ከማከፋፈያው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ አሮጌው ምድጃ ይፈለጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገዛ ቤት ግቢ ውስጥ ዛሬም ጣሪያ ጥግ የተከመረ እንጨት የሚታየው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን በዚህ ሁሉ ለውጥ ውስጥ አልተነካም። ምርጥ ምድጃው ላይ የሚቀመጠው ሸክላ ነው። የኤሌክትሪኩ ምጣድም ገጹ ሸክላ ነው፤ ሽቦው ከሥሩ ተቀብሮ ነው የሚሠራው። በጋሞ ሸክላ የሚሠሩት ማና የሚባሉት ናቸው፤ ሥራውም የሴቶቹ ነው። ለዘመናት መሬት ተከልክለው፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። በዚህ ዘመን የጋሞን ሸክላ ያጠኑ አርኪኦሎጂስቶች የአንድን ቤት ሀብት ከእንስራዎቹ ውስጠኛ ገጽ ያነባሉ፤ ፓርሶ የሚባለው ጠላ ደጋግሞ የተጠመቀበት እንስራ ውስጡ ይበላል፣ ደጋግሞ የሚጠምቀው ደግሞ ባለ እህል ቤት ነው። የሸክላ ሠሪዋ የራሷ ኩሽና በዚህ ሚዛን ከድሆቹ ወገን ነው። የሰውን ኩሽና ሁሉ ምጣድ የምታቀርበው እሷ ስትሆን ምጣዱን የምታቃጥለውም በማገዶ ነው፣ ሜዳ ላይ፣ ጭሱ መሃል ቆማ።