ለአያት መታሰቢያው የልጅ ልጁ ነው

የሰው መታሰቢያው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ አንዱ ቤት ነው ይላል፤ አንዱ ርስት ነው ይላል፤ ሌላውም የመቃብር ሐውልት ነው ይላል። ዳሩ ግን ቤት ይፈርሳል፤ ርስትም ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ በድንጋይ የተቀረጸውንም ስም ዝናብና ፀሐይ ያጠፋዋል። ጸንቶ የሚኖረው በልጅና በልጅ ልጅ ልብ የተጻፈ ምክር ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆኑን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ከጉለሌ ሽቅብ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው የቅዱስ ራጉኤልን ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ኅሩይ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት የተማሩት በዚህ ደብር ነው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ለ5ኛው ጊዮርጊስ የዘውድ በዓል ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ወደ ሎንዶን ሄዱ። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ እስከ ጃፓን ደረሱ።

ሥራው እንዲህ የበዛበት ሰው ልጆችን ለመምከር ጊዜ አጣሁ ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? እርሳቸው ግን በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ስሙን ልብ ብሎ ያየ ሰው ትልቅ ነገር ያገኝበታል። ምክሩ ለልጅ ነው፤ መታሰቢያውም ለአባት ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ናቸው። ልጁ ምክሩን ቢጠብቅ አባቱ ይታሰባል፤ ቢጥለው ግን አባቱ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ የቀደሙትን ሰዎች ነገር ሰብስበው «የሕይወት ታሪክ» የሚለውን መጽሐፍ ሲያወጡ፥ በኋላ ጊዜ ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ ይሁን አሉ። እንግዲህ ገና ያልተወለዱትን፥ ማለት እኛን፥ አሰቡን።

ብላቴን ጌታ ለሌላው ልጅ የመከሩትን ለገዛ ልጆቻቸውም አደረጉት፤ ወደ ውጭ አገር ልከው አስተማሯቸው። ዳሩ ግን በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን ያዘ፤ እርሳቸውም ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። በ1929 ዓ.ም. ልጃቸውን ፈቃደ ሥላሴን ጣሊያኖች ገደሉት። አባትየውም የአገራቸውን ነጻነት ሳያዩ በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ። ሹመቱ ቀረ፤ አገሩም በባዕድ እጅ ነበረ፤ ምክሩ ግን አልተማረከም። ሌላው ልጃቸው ሲራክ የአባቱን ብዕር አንሥቶ፥ ሳሙኤል ጆንሰን የጻፈውን የራሴላስን ታሪክ ወደ አማርኛ መለሰው።

ወጣቶች ሆይ፥ የኔ አያት መጽሐፍ አልጻፉም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ አያቶቻችን አልጻፉም። ነገር ግን በሽሮ ሜዳ ልጁን ከአጠገቡ አስቀምጦ ድርና ማግ ያስለመደው ሸማኔ አስተምሯል። ማልዶ የልጅ ልጁን እጅ ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሳመ፥ የሰፈሩን ልጆች ሲጣሉ ያስታረቀ፥ ራቱን ሳይባርክ ያልቀመሰ ሽማግሌም አስተምሯል። የእነዚህ መጽሐፍ እናንተ ናችሁ፤ እናንተ ካላነበባችሁት ሌላ የሚያነበው የለም።

አያት የተናገረው ሁሉ ለዘመናችን ይስማማል ማለት አይደለም። ኅሩይም የደብሩን ትምህርት ሳይጥሉ የሩቅ አገርን ጥበብ ፈልገዋል። ስለዚህ ጠይቁ፥ መርምሩ፥ መልካሙን ያዙ። አያታችሁ በሕይወት ሳሉ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣችሁ የልጅነታቸውን ነገር፥ የተቸገሩበትንና እግዚአብሔር ያወጣቸውን መንገድ ስሙ፤ ሰምታችሁም ጻፉት። ዐርፈው እንደ ሆነ ከምክራቸው አንዱን መርጣችሁ ሥሩበት። ተዝካር የሚወጣው በተወሰኑ ቀኖች ነው፤ መልካም ሥራ ግን በየቀኑ ስማቸውን ያስጠራል።