የጓሳ ሣርና ቀይ ቀበሮ

ስለ ዱር አራዊት ጥበቃ በተወራ ቁጥር አጥር የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ ሰው ወጥቶ አውሬ የሚገባበት። እኔ ግን የመንዙ ጓሳ ነው ትዝ የሚለኝ።

የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ጓሳን በቄሮ ሥርዓት ጠበቀ። አለቃ መርጦ ሣሩን ለዓመታት ይከለክላል፤ ጊዜው ሲደርስ ከፍቶ ያጭዳል። ለቀበሮ አዝኖ አይደለም፤ ቤቱን ሊከድን፣ ገመዱን ሊገምድ ነው። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ ተረፈ፤ አይጡ ሲተርፍ ቀይ ቀበሮው ኖረ።

እርግጥ ርስት የሌለው ሰው ከሣሩ አይደርስም ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ግን ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ሣሩ የሁሉም ሆነ፤ ጠባቂ አጣ። ደግነቱ ኅብረተሰቡ ኋላ ላይ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው።

ባሌ ላይ ያጠኑ ሰዎችም ቀበሮው በአብዛኛው የሚበላው አይጥና ፍልፈል መሆኑን አረጋግጠዋል። እሱን የሚፈጀው የእኛው ውሻ የሚያመጣበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወይብ ሸለቆ አብዛኞቹን ጨረሰ። ስለዚህ ውሻ መከተብ ቀበሮ ማዳን ሆነ።

ዛሬ በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ታዲያ ገበሬውን ከማባረር በፊት መጠየቁ አይሻልም ትላላችሁ?