ፋን የተነፈገው ኮምፒውተር

ስክሪኑና ሌላው አካሉ በአንድ ላይ የተሠራ ኮምፒውተር ሲግል ብዙዎች አቧራን ይወቅሳሉ። አቧራውስ ጥፋተኛ ነው። ነገሩ የተበላሸው ግን ከአቧራው በፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 አፕል ማኪንቶሽን ለገበያ ሲያቀርብ ውስጡ ፋን አልነበረውም። ስቲቭ ጆብስ የፋን ድምፅ አይወድም ነበር። ሙቀቱ በራሱ ወደ ላይ ወጥቶ በቀዳዳዎቹ እንዲያመልጥ ታሰበ። ስክሪኑም ፓወር ሰፕላዩም የሚግሉት ግን በዚያው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ሰዎችም “ቶስተር” እያሉ ቀለዱበት። ልክፈተው ያለ ባለቤት ደግሞ ተራ ካቻቢቴ አይበቃውም። ሁለቱ ብሎኖች ከእጀታው ሥር በጥልቁ የተቀበሩ፣ ልዩ ረጅም መፍቻ የሚጠይቁ ነበሩ።

ጆብስ በ1985 ከኩባንያው ወጣ። በ1987 የመጣው ማኪንቶሽ ኤስ ኢ ፋን ተገጠመለት። ሙቀቱ መውጫ ቢያገኝም ባለቤቱ መግቢያ አላገኘም። እንዲያውም በ2012 የወጣው ቀጭኑ አይማክ ስክሪኑ ከአካሉ ጋር በማጣበቂያ ተለጠፈ።

ይህን ማሽን ቤቱ ውስጥ ማጽዳት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ማጣበቂያውን ዙሪያውን ይቆርጣል። ስክሪኑን አንስቶ፣ ገመዶቹን ነቅሎ፣ የፋኑን አቧራ ያራግፋል፤ የደረቀውን ተርማል ፔስት ይቀይራል። ከዚያ በአዲስ ማጣበቂያ መልሶ ይገጥማል። መስታወቱ ከተሰነጠቀ ጽዳቱ ከባድ ኪሳራ ይሆናል።

አቧራ የማይገባበት ቤት የለም፤ አምራቹም ይህን ያውቃል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” ይባላል። እዚህ ግን የደበቀው አምራቹ፣ መድኃኒት ያጣው ገዢው ነው።