የብሬረተን ሂዝ ሐይቅ ክርክር

እስቲ ቀረብ በሉና አንድ የችሎት ታሪክ ልንገራችሁ። አገሩ እንግሊዝ፣ ግዛቱ ቼሸር ነው፤ ዘመኑን በፈረንጆቹ እቆጥርላችኋለሁ።

ብሬረተን ሂዝ የሚባል የሕዝብ መናፈሻ አለ። ድሮ አሸዋ ይወጣበት የነበረው ጉድጓድ ውሃ ሞልቶት ሐይቅ ሆኗል። ይህ ታሪክ በሆነበት ዘመን በዓመት ከ160 ሺህ በላይ ሰው ይጎበኘው ነበር። ልጆች ዳር ላይ አሸዋ ይጫወቱ፣ ቤተሰብ ምሳውን ይዞ ይውል ነበር። «አደገኛ ውሃ፤ መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተክሎ ነበር። ጠባቂዎቹም ይመክሩ፣ ወረቀት ያድሉ ነበር፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ግን የሚሰማቸው አልነበረም።

ሜይ 6 ቀን 1995 ነው። የ18 ዓመት ወጣት ከጓደኞቹ ጋር መጣ። ውሃው ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ በሚልበት ቦታ ቆሞ ወደ ፊት ተወረወረ። ጭንቅላቱ ከአሸዋው ጋር ተጋጨ፣ አንገቱ ተሰበረ። እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ።

ወጣቱ የቦታውን ባለቤት የኮንግልተንን ማዘጋጃ ቤትና መናፈሻውን ያስተዳድር የነበረውን የቼሸር ምክር ቤት ከሰሰ።

እንግዲህ የጠበቃ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በእንግሊዝ ሶሊሲተር የሚባለው ባለጉዳዩን ተቀብሎ መዝገቡን ያዘጋጃል፤ ባሪስተር የሚባለው ችሎት ቆሞ ይከራከራል። ባሪስተር ደንበኛውን በመውደድና በመጥላት መምረጥ አይፈቀድለትም፤ ዛሬ ለተጎጂው፣ ነገ ለማዘጋጃ ቤቱ ይቆማል። የማዘጋጃ ቤት ጠበቃ የዘወትር እንጀራው የእግረኛ መንገድ ነው፦ በተነሣ ድንጋይ ተደናቅፎ የወደቀ ሰው ይከሳል፤ ጠበቃው በ1980 የወጣውን የመንገድ ሕግ ይዞ፣ መንገዱ በየጊዜው መፈተሹን በተቆጣጣሪው መዝገብ ያስረዳል።

የሐይቁ ጉዳይ ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በአንድ ወገን ዕድሜውን በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋ ልጅ አለ፤ በሌላው ወገን መሥሪያ ቤት። ለመሥሪያ ቤት ማን ያዝናል? ይባስ ብሎ ደግሞ የራሱ ወረቀት መሰከረበት። ሠራተኞቹ አደጋ ይመጣል ብለው ሲያስጠነቅቁ ኖረዋል፤ የአሸዋው ዳርቻ በአፈር ተሸፍኖ ተክል እንዲተከልበትም ሐሳብ አቅርበው ነበር። በጀት ስላልነበረ ሥራው ዘገየ። የከሳሽ ወገን ይህንኑ ይዞ «አውቃችሁ ዝም አላችሁ» አለ።

የመጀመሪያው ዳኛ ክሱን ውድቅ አደረጉ። በ2002 የይግባኝ ችሎት ሁለት ለአንድ ገለበጠው፦ ሁለት ሦስተኛው ጥፋት የወጣቱ፣ አንድ ሦስተኛው የተከሳሾቹ ነው አለ። ለእንዲህ ያለ ጉዳት ከሚከፈለው ካሳ አንድ ሦስተኛው እንኳ ብዙ ገንዘብ ነው። ተከሳሾቹ በዚያ ዘመን የአገሩ የመጨረሻ ችሎት ወደ ነበረው ወደ ጌቶች ምክር ቤት ይግባኝ አሉ።

ጁላይ 31 ቀን 2003 አምስቱም ዳኞች ለተከሳሾቹ ፈረዱ። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ሆፍማን የጻፉትን በራሴ ቃል ልንገራችሁ። አደጋው የመጣው ከሐይቁ ሳይሆን ወጣቱ ራሱ ከመረጠው ነገር ነው፤ ውሃው ከሌላው ሐይቅ የተለየ ወጥመድ አልነበረበትም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ዘሎ መግባት አደገኛ መሆኑን ደግሞ አዋቂ ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ከሁሉ የበለጠ ግን ስለ ሌሎቹ ጠየቁ፦ ጥቂቶች ክልከላውን ስለጣሱ፣ ማንንም ሳይጎዱ አሸዋው ላይ የሚውሉት ሁሉ ዳርቻቸውን ይነጠቁ ወይ?

እኔ የማዘጋጃ ቤቱን ጠበቃ ሥራ የማከብረው በዚህ ጥያቄ ነው። ችሎት ውስጥ ወጣቱ ይታያል፤ አሸዋ የሚጫወቱት ልጆች ግን አይታዩም፣ ስለ እነሱ የሚናገር ሌላ ሰው የለም። ካሳው የሚከፈልበት ገንዘብም የመንገዱና የቤተ መጻሕፍቱ ገንዘብ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው እላለሁ። የወጣቱ ሕመም ግን በፍርዱ አልቀነሰም፤ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው የሚጦረው ጥፋተኛ ሲገኝለት ብቻ መሆን የለበትም፤ ይህም የአገር ዕዳ ነው።

ዳርቻውስ? ከአደጋው በኋላ፣ ፍርዱ ከመሰጠቱ ከዓመታት በፊት፣ በአፈር ተሸፍኖ ተክል ተተከለበት። በ2006 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ የካሳ ሕግ አወጣ፤ በአንደኛው አንቀጽ መሠረት ዳኛ ስለ ጥንቃቄ ጉድለት ሲወስን፣ የተጠየቀው ጥንቃቄ ለሕዝብ የሚጠቅም ነገር ያስቀር እንደሆነ ሊመዝን ይችላል።