በራያ ቆላማ አካባቢ የእንጨት ቤት አሠራር፦ የባህላዊውን ቤት ዕድሜ ለማራዘም

በሰሜን ወሎ ዞን በቆቦ ከተማ ዙሪያና በራያ ቆቦ ወረዳ ቆላማ ቀበሌዎች የገጠሩ መኖሪያ ቤት በአብዛኛው በእንጨት፣ በጭቃ እና በሣር ወይም በቆርቆሮ ክዳን ይሠራል። የእነዚህ ቤቶች ዋነኛ ችግር ግድግዳው ገና ደህና ሳለ ቋሚዎቹ ከመሬት በታች በምስጥና በእርጥበት መበላታቸው ነው። ቤት እንደገና በተሠራ ቁጥር ዛፍ ይቆረጣል፤ የቤተሰቡም ጥሪት ይወጣል። ይህ ጽሑፍ የባህላዊውን ቤት ጠቃሚ ጎኖች ጠብቆ ደካማ ጎኑን ማስተካከል የሚቻልበትን መንገድ፣ እንዲሁም ከእንጨት አቅርቦትና ከግንባታ ፈቃድ ጋር የተያያዙ ጉዳዮችን ያብራራል።

የአካባቢው ሁኔታ

ቆቦ ከወልዲያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ሜዳው በምሥራቅ በዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ በደጋማ ተራሮች የተከበበ ነው። ቀኑ ሞቃት ሲሆን ዝናቡ የማያስተማምን ነው፤ በሚጥልበት ጊዜ ግን ከምዕራቡ ተራሮች የሚነሡት እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች በድንገት ይሞላሉ። አካባቢው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለሚገኝ የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋትም አለበት። በዚሁ ጠርዝ ወደ ደቡብ በምትገኘው ካራ ቆሬ አካባቢ በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ማውደሙ ይታወቃል። በመሆኑም በዚህ ሥፍራ የሚሠራ ቤት ሙቀትን፣ ጎርፍን፣ ምስጥንና ንቅናቄን አብሮ የሚያስብ መሆን ይኖርበታል።

ከባህላዊው ቤት የሚወሰዱ ጠቃሚ ልምዶች

በባህላዊው አሠራር ቋሚዎች ተተክለው በማገር ይያያዛሉ፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት እንዲብላላ የተደረገ ጭቃም ይመረግባቸዋል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቶሎ ወደ ውስጥ አያስገባም። ታዛው ግድግዳውን ከፀሐይና ከዝናብ ይጋርዳል፤ ለቤተሰቡም የቀን መዋያ ጥላ ይሆናል። የእንጨት አውታሩ ቀላልና ተለማጭ በመሆኑ በሚገባ ከታሰረ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ያለ ማሰሪያ ከተካበ ከባድ የድንጋይ ግድግዳ የተሻለ ይቋቋማል። እነዚህ ልምዶች በአዲስ ቤት ላይም ሊጠበቁ ይገባል።

መስተካከል ያለበት ክፍል፦ የቋሚው እግር

እንጨት ደረቅ ሆኖ ከአፈር ከተለየ ለረጅም ዘመን ይቆያል። የሚበሰብሰውም ሆነ በምስጥ የሚጠቃው በአብዛኛው አፈር በሚነካው በኩል ነው። አመድ መነስነስ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት ጉዳቱን ቢያዘገይም እንጨቱን ከአፈር የመለየትን ያህል አያስተማምንም፤ ዘይቱም አፈርንና የጉድጓድ ውኃን ይበክላል። ስለዚህ የሚከተለው አሠራር ይመከራል፦

1. ከዙሪያው መሬት ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ በሲሚንቶ ወይም በኖራ ቅልቅል የታሰረ የድንጋይ መሠረት ማነጽ፤
2. በመሠረቱ ላይ አግዳሚ እንጨት አጋድሞ በብረት ማሰር፣ ቋሚዎቹንም በዚሁ አግዳሚ ላይ ማቆም፤
3. በመሬት ውስጥ ያልተቀበረ ቋሚ ወደ ጎን እንዳያዘም በየማዕዘኑ ሰያፍ ደጋፊ እንጨት መግጠም፤
4. የውኃ መውረጃ ቦይ በቤቱ ዙሪያ መቆፈር።

ሦስተኛው ሥራ ከተዘለለ ቤቱ ከቀድሞው ይልቅ ለነፋስና ለመሬት መንቀጥቀጥ የተጋለጠ ስለሚሆን በምንም ምክንያት ሊታለፍ አይገባም። ከፍ ያለው መሠረት ሌላም ጥቅም አለው። ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመድረስ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መተላለፊያ ስለሚሠራ፣ ባለቤቱ በየጊዜው እያየ በቀላሉ ሊያፈርሰው ይችላል።

የእንጨት አመራረጥ

ወይራና ጽድ ምስጥን በመቋቋም የታወቁ ቢሆኑም የሚያድጉት በዝግታ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94/1986 ጽድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደኖች እንዳይቆረጡ የከለከለው እነዚህ ዛፎች በመመናመናቸው ነበር። ለግንባታ የሚመረጠው ተተክሎ የሚለማ ዛፍ ነው። ለቆላማና ደረቅ አካባቢ ነጭ ባሕር ዛፍ ሳይሆን ቀይ ባሕር ዛፍ ይስማማል፤ ነገር ግን ውኃ ስለሚሻማ ከእርሻ ማሳና ከምንጭ ርቆ ሊተከል ይገባል። የተቆረጠው እንጨት ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሮ በጥላ ሥር ለወራት መድረቅ አለበት። ሳይደርቅ የተሠራበት እንጨት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል።

ጣሪያና አቀማመጥ

የቤቱ ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ ሰፊው ግድግዳ ከጠዋትና ከማታ ፀሐይ ይድናል። የጣሪያው ክፈፍ ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት። ቆርቆሮ ሙቀትን በቀጥታ ስለሚያስተላልፍ ከሥሩ ኮርኒስ ያስፈልገዋል፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከልም ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል። በሣር ክዳን የሚገለገሉ ነዋሪዎች ማድቤቱን ከመኖሪያው ለይተው ቢሠሩ የእሳት አደጋን ይቀንሳሉ።

ፈቃድና አገልግሎት

በከተማ ክልል ውስጥ የሚገነባ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ ከከተማው አስተዳደር የግንባታ ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅበታል። በገጠር ቀበሌ የሚገነባ ነዋሪ ቦታው በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ የሠፈረ መሆኑን ከወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ያረጋግጣል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደን ባለቤትነትን ዕውቅና ሰጥቷል፤ ሆኖም እንጨት ከቦታ ወደ ቦታ ከማጓጓዝ በፊት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከሚመለከተው የወረዳ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቤቱ ከተጠናቀቀ በኋላም በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት ምርጊቱን ማደስ፣ ቦዩን መጥረግና የመሠረቱን ዙሪያ መፈተሽ ተገቢ ነው። በወቅቱ የተደረገ አነስተኛ ጥገና ቤትን እንደ አዲስ ከመሥራት ያድናል።