ስም የምትጠራ መካሪ



በሂሳብ ሙያ ላይ ላለን ሰዎች “ኮምፒውተር” ማለት ጠረጴዛችን ላይ ያለው መሣሪያ ነው። ከ80 ዓመት በፊት ግን በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ ቃሉ የሰው የሥራ መደብ መጠሪያ ነበር። በኋላ የናሳ አካል በሆነው በላንግሌይ የበረራ ምርምር ማዕከል መሐንዲሶች አውሮፕላን ፈትነው የሚያመጡትን ቁጥር ቀኑን ሙሉ በእጅና በሜካኒካል ማስሊያ የሚያሰሉት ሴቶች “ኮምፒውተር” ይባሉ ነበር። ወይዘሮ ዶሮቲ ቮን ከእነሱ አንዷ ናቸው። በሳይንስና በቴክኖሎጂ ሥራ ለሚጀምሩ ልጆቻችን መካሪ መሆን ምን ማለት እንደሆነ የእሳቸው ታሪክ ያሳያል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወይዘሮ ዶሮቲ በ1910 ተወለዱ። በ1929 ከዊልበርፎርስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህርት ሆኑ። በ1941 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በመከላከያ ኢንዱስትሪ ቅጥር ላይ የዘር አድልዎ እንዳይኖር ትእዛዝ አወጡ። በዚህ በተከፈተው በር ወይዘሮ ዶሮቲ በ1943 መጨረሻ ላንግሌይ ገቡ። በሩ ቢከፈትም መለያየቱ አልቀረም፤ ጥቁር ሴቶች የሚሠሩትም የሚመገቡትም ለብቻቸው ነበር። በ1949 ወይዘሮ ዶሮቲ ይህንን ክፍል እንዲመሩ ተመደቡ፤ በመሥሪያ ቤቱም የመጀመሪያዋ ጥቁር የክፍል ኃላፊ ሆኑ።

ኃላፊነታቸውን ምን እንዳደረጉበት እንመልከት። መሐንዲሶች ለከባድ ሥራ ሰው ሲፈልጉ የሚጠይቁት እሳቸውን ነበር። እሳቸውም የትኛዋ ሠራተኛ ምን እንደምትችል ለይተው ስለሚያውቁ ስሟን ይጠሩ ነበር። ካትሪን ጆንሰን በ1953 በጊዜያዊነት ሲቀጠሩ፣ ወይዘሮ ዶሮቲ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ በረራ ምርምር ክፍል ላኳቸው፤ ሥራውም ቋሚ ሆነላቸው። ጠፈርተኛው ጆን ግሌን በ1962 ምድርን ለመዞር ከመነሳቱ በፊት የማሽኑን ስሌት እንዲፈትሹለት የጠየቀው እኚህኑ ካትሪንን ነው። ወይዘሮ ዶሮቲ የደረጃ እድገትና የደመወዝ ጭማሪ ለሚገባቸው ሴቶችም ይከራከሩ ነበር፤ በሌላ ክፍል ላሉ ነጭ ሴቶች ጭምር።

በ1958 ናሳ ሲቋቋም ያ የተለየ ክፍል ተዘጋ። መልካም ዜና ነበር፤ ለወይዘሮ ዶሮቲ ግን የኃላፊነት ቦታቸው አብሮ ቀረ። ሌላ የኃላፊነት ቦታ ቢፈልጉም አላገኙም። በዚያው ዘመን ኤሌክትሮኒክ ማሽኖች የእጅ ስሌቱን ይተኩ ጀመር። እሳቸው ፎርትራን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተምረው በ1971 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሠሩ።

ከእሳቸው ሥር የጀመሩት ሜሪ ጃክሰን ደግሞ መሐንዲስ ለመሆን የሚያበቃቸውን ትምህርት የሚሰጠው ለነጮች ብቻ በተፈቀደ ትምህርት ቤት ነበርና፣ ከከተማው አስተዳደር ልዩ ፈቃድ ጠይቀው ተማሩ። ኮርሱን እንዲወስዱ ያበረታቷቸው አብረዋቸው የሚሠሩ ወንድ መሐንዲስ ነበሩ። በ1958 የናሳ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት መሐንዲስ ሆኑ። በ1979 ግን የምህንድስና ሥራቸውን ትተው፣ ደረጃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሴቶችን ቅጥርና እድገት የሚከታተል ሥራ ያዙ።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ይህንን ሳሰላው፣ ወጪም ገቢም አለው። ወይዘሮ ሜሪ ደረጃቸውን ከፍለዋል፤ ወይዘሮ ዶሮቲ የጠሯቸው ሴቶች ደግሞ ከእሳቸው አልፈው ሄደዋል። መካሪ ለመሆን የምንፈልግ ሁሉ ይህንን አውቀን እንግባ። የምንመክራት ልጅ ልትበልጠን ትችላለች፤ ሥራችን ፍሬ ማፍራቱም በዚህ ይታወቃል።

ከእኛ መካከል በቤተ ሙከራ፣ በኔትወርክ ጥገና፣ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች አላችሁ። ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ልጆችም አሉን። “በርቺ” ማለት ጥሩ ነው፤ ግን ክፍት ቦታ ሲኖር ስሟን ለአለቃ መናገር፣ የማመልከቻዋን ወረቀት አብሮ ማየት፣ ደመወዟ ሲያንስ ከጎኗ መቆም ይበልጣል። ደጋፊዎቻችንም ከገንዘቡ ጋር በድርጅታችሁ የተግባር ልምምድ ቦታ ብትሰጡን ትልቅ እርዳታ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችን የአንዲት ልጅ ስም ይዘን እንምጣ።